ሥዕል ተምሮ መተዳደር ይቻላልን?
ለነጋዴ ወላጆችና ለንግድ ቤቶች የቀረበ ሐተታ

«ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሥዕል እማራለሁ ይለኛል፤ ይህ ነገር እንጀራ ይሆነዋልን?» የሚለው ጥያቄ በነጋዴው ቤት ውስጥ ደጋግሞ የሚነሣ ነው። አባት በሱቅና በመጋዘን ያፈራውን ሀብት ልጁ እንዲያሳድግለት ይመኛል። እናት ልጅዋን ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሆና ለማየት ትጓጓለች። ልጅቱ ግን የሒሳብ ደብተርዋን ጠርዝ በንድፍ ሞልታው ትገኛለች። በዚህ ጊዜ ወላጆች ምክር ቢጠይቁ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኙት መልስ ወይ ሙገሳ ወይ ነቀፋ ነው። ሙገሳው ጥበብ የአገር ክብር ናት ብሎ በዚያው ያበቃል፤ ነቀፋውም ሥዕል የሥራ ፈት መጫወቻ ነው ብሎ ይደመድማል።

ሁለቱም መልሶች ለነጋዴ ሰው አይጠቅሙትም። ነጋዴ አንድን ሥራ የሚመዝነው በመነሻ ገንዘቡ፣ በሚፈጀው ጊዜ፣ በወጪውና በገቢው ነውና። ስለዚህ በዚህ እትም የሥዕል ትምህርትን በዚሁ በለመድነው ሚዛን መዝነን ለውድ አንባብያን እናቀርባለን። ከወዲሁ ልንናገር የምንችለው ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ዩኒቨርሲቲ ለተማሪው የሠለጠነ እጅና የሠለጠነ ዐይን ይሰጠዋል እንጂ ገበያ አይሰጠውም። ገበያን ማቋቋም ከጥንት ጀምሮ የነጋዴ ሥራ ነው። የተማረው ሠዓሊ በሙያው መተዳደር አለመተዳደሩ በእርሱ ትጋት ብቻ ሳይሆን በእኛም ሥራ የሚወሰን ነው።

የሙያው ታሪክ

በአገራችን የእጅ ሙያ ለረዥም ዘመን ተገቢውን ክብር ሳያገኝ መኖሩ የታወቀ ነው። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ለሕዝቡ አስፈላጊውን ዕቃ እያቀረቡ በምላሹ ስድብ ይቀበሉ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው ምክንያት መስደብን መከልከላቸው የነገሩን ክብደት ያሳያል። ሠዓሊው ሥራው ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘ ስለ ነበር ከዚህ ነቀፌታ በመጠኑ የዳነ ነበር። ሙያውንም የሚማረው ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ፣ ቀለም እየፈጨና ንድፍ እየቀዳ ነበር። ክፍያው ቤተ ክርስቲያን ከሚያሠሩ መኳንንትና ምእመናን የሚመጣ እንጂ ከገበያ የሚገኝ አልነበረም።

ከኢትዮጵያውያን መካከል በአውሮፓ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገብተው ሥዕል ከተማሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ በኢጣሊያ አገር፣ በቶሪኖ ከተማ፣ በአልቤርቲና አካዳሚ ተምረዋል። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በ1908 እ.ኤ.አ. በሮም ባሳተሙት ልብ ወለድ ነው፤ ለእኛ አንባብያን ግን ይበልጥ ትኩረት የሚስበው ማዕረጋቸው ነው። በኋላ ዘመናቸው በድሬዳዋ ጉምሩክ ተሹመው ነጋድራስ ተብለዋልና፤ በሥዕል ትምህርት የጀመረው ሰው የነጋዴዎች አለቃ በሚባልበት ማዕረግ ተጠርቷል። ሥዕልና ንግድ በአንድ ቤት ሊያድሩ እንደማይችሉ ለሚያስብ ሰው ይህ ምሳሌ ጥሩ መልስ ይሆነዋል። ከእርሳቸው በኋላ አገኘሁ እንግዳ በፓሪስ ተምረው ተመልሰዋል።

ሥዕልን በአገር ቤት በመደበኛ ትምህርት መማር የተቻለው ግን በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ጥረት ነው። እርሳቸው በአሜሪካ አገር በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው በ1954 እ.ኤ.አ. ከተመረቁ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1950 ዓ.ም. የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በጀርመን አገር በኮሎኝ የተማሩት ገብረ ክርስቶስ ደስታ፣ በለንደንና በፓሪስ የተማሩት እስክንድር ቦጎሲያን በዚያ አስተምረዋል። ትምህርት ቤቱ በኋላ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኖ ዛሬ በመሥራቹ ስም ይጠራል። እነሆ አንድ ወጣት ባሕር ሳይሻገር ሥዕልን በዲግሪ ደረጃ ለመማር የቻለው ከዚህ የተነሣ ነው።

በትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚሠራው ሥራ

ብዙ ወላጆች ሥዕል መማር ማለት ልጁ ደስ ያለውን እየሣለ አራት ዓመት ማሳለፍ ይመስላቸዋል። እውነቱ ከዚህ የራቀ ነው። አመልካቹ ገና ሲገባ በእጁ ሥሎ ይፈተናል። ከገባም በኋላ መጀመሪያ የሚሰጠው ንድፍ ነው፤ ማሰሮ፣ ጨርቅ፣ የጀሶ ቅርጽ፣ ቀጥሎም ከፊቱ የተቀመጠ ሰው እያየ በእርሳስና በከሰል ይነድፋል። አጥንትና ጡንቻ በሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሰካ ያጠናል። ርቀት በወረቀት ላይ በምን ሕግ እንደሚታይ፣ አንዱ ቀለም በሌላው አጠገብ ሲቀመጥ ለምን እንደሚለወጥ ይማራል። ይህን መሠረት ሲጨርስ ከሥዕል፣ ከቅርጻ ቅርጽ፣ ከሕትመት ጥበብ ወይም ከኢንዱስትሪ ንድፍ ክፍል በአንዱ ይሠማራል።

የዚህ ትምህርት ልዩ ጠባይ በመጽሐፍ የማይሸመደድ መሆኑ ነው። አብዛኛው ሰዓት የሚያልፈው በስቱዲዮ ውስጥ ቆሞ በመሥራት ነው። ተማሪው የሠራውን በግድግዳ ላይ ይሰቅላል፤ መምህራኑና ጓደኞቹ ፊት ለፊት ይተቹታል፤ እርሱም ለምን እንዲህ እንዳደረገ ይመልሳል። በነጋዴ ዐይን ስናየው ይህ ዕቃን በገዥ ፊት ዘርግቶ ጉድለቱን ከአፉ መስማትን የሚመስል ነው። ይህን ለዓመታት የለመደ ወጣት ነቀፌታን ሰምቶ ሥራውን ማሻሻል ይችላል። በመጨረሻው ዓመት የመመረቂያ ሥራውን ለሕዝብ ያሳያል፤ ያ ትርኢት ከገዥ ጋር የሚገናኝበት የመጀመሪያው በር ነው።

በአንጻሩ በስቱዲዮው ውስጥ ብዙም የማይገኝ ትምህርት አለ። ዋጋ እንዴት እንደሚወጣ፣ ደረሰኝ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ውል ምን ምን መያዝ እንዳለበት፣ ሥዕል ጉምሩክ ሲደርስ ምን ማስረጃ እንደሚጠየቅበት ምሩቁ ሳያውቀው ይወጣል። በዚህም ምክንያት ሥራው መልካም ሆኖ ሳለ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚከስር ሠዓሊ ብዙ ነው። ይህ ክፍተት የእኛ ሙያ የሚጀምርበት ቦታ መሆኑን ልብ ይሏል።

ስለ ቀለምና ስለ ሸራ፤ ለአስመጪዎች

የሠዓሊ መነሻ ገንዘብ ቀለም፣ ሸራና ብሩሽ ነው። የዘይት ቀለም የሚሠራው የቀለም ዱቄትን ከተልባ ዘይት ጋር በማላም ነው፤ አክሪሊክ የሚባለው ደግሞ በውሃ የሚቀጥንና ቶሎ የሚደርቅ ነው። የቀለም ዋጋ በዱቄቱ ዓይነት ይለያያል። ከአፈር የሚገኙት ቡናማና ቢጫ ቀለሞች ርካሽ ናቸው፤ ከካድሚየምና ከኮባልት ማዕድን የሚሠሩት ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ቀለሞች ግን እጅግ ውድ ናቸው። ስለዚህ ሁሉንም ቱቦ በአንድ ዋጋ እሸጣለሁ የሚል ባለሱቅ ወይ ራሱን ወይ ገዥውን ይጎዳል።

ፋብሪካዎች ቀለሙን በሁለት ደረጃ ያዘጋጁታል። አንደኛው ለተማሪ የሚሆን ሲሆን የዱቄቱ መጠን አንሶ በመሙያ የተተካበት ነው፤ ሁለተኛው ለባለሙያ የሚሆንና ዱቄቱ የበዛበት ነው። በቱቦው ላይ ቀለሙ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚገልጽ ምልክት ይታተማል። አስመጪው ይህን ምልክት ሳያነብ ዋጋ ብቻ አይቶ ቢያዝዝ፣ ሠዓሊው ዛሬ ቀይ አድርጎ የሸጠው ሥዕል ከዓመታት በኋላ ገዥው ግድግዳ ላይ ደብዝዞ ይገኛል። ጉዳቱ ከሠዓሊው አልፎ በአገሩ ሥዕል ሁሉ ላይ ያለውን እምነት ይነካል። ቀለም ሲጠፋ ወይም ሲወደድ ተማሪዎች የግድግዳና የበር ቀለም ገዝተው እስከ መጠቀም ይደርሳሉ፤ ያ ቀለም ለቤት እንጂ ለሥዕል የተዘጋጀ አይደለምና ጊዜ ሲያልፍ ሊሰነጠቅና መልኩን ሊለውጥ ይችላል።

በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ታሪፍ አመዳደብ የሠዓሊና የተማሪ ቀለም በቁጥር 32.13 ሥር ሲመደብ የቤት ቀለም ግን በቁጥር 32.08 እና 32.09 ሥር ነው። ተዘጋጅቶ የሚመጣ የሥዕል ሸራ በቁጥር 59.01፣ የሠዓሊ ብሩሽ ደግሞ በቁጥር 96.03 ውስጥ ይገኛል። በሰነዱ ላይ «ቀለም» ብቻ ብሎ መጻፍ ዕቃውን ወደማይገባው ምድብ ሊያስገባው ስለሚችል አስመጪው የዕቃውን ዓይነት ዘርዝሮ ማስገለጽ ይጠቅመዋል።

ሁሉንም ነገር ከውጭ ማስመጣት ግን ግዴታ አይደለም። የሸራ ጨርቅ የሚሠራው ከጥጥ ወይም ከተልባ ተክል ግንድ ከሚገኘው ጭረት ነው፤ ጥጥም ተልባም በአገራችን ይበቅላሉ። ሠዓሊዎቻችን ከጥንት ጀምሮ በጥጥ ጨርቅ ላይ ሲሥሉ ኖረዋል። ጨርቁ የዘይት ቀለም ከመነካቱ በፊት በሙጫና በነጭ ልባጥ መሸፈን አለበት፤ አለዚያ ዘይቱ ክሩን ያበሰብሰዋል። የመወጠሪያውን ክፈፍ ማንኛውም ጥሩ አናጢ ሊሠራው ይችላል። ጨርቅ ነጋዴ፣ አናጢና ሠዓሊ ተስማምተው የተዘጋጀ ሸራ በአገር ውስጥ ለገበያ ቢያቀርቡ ለሦስቱም የሚሆን ትርፍ አለበት።

የገቢው ሒሳብ

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንመለስ። የሚከተለው ቁጥር ለማስረዳት የተወሰደ እንጂ የገበያ ዋጋ አለመሆኑን በቅድሚያ እናሳስባለን።

አንድ ሠዓሊ አንድ ሥዕል በ60,000 ብር ሸጠ እንበል። ሥዕሉን ያሳየው ጋለሪ በብዙ አገር እንደተለመደው ግማሹን ቢወስድ ለሠዓሊው 30,000 ብር ይቀራል። ከዚህ ላይ ለቀለም፣ ለሸራና ለክፈፍ 8,000 ብር ሲነሣ 22,000 ብር ይሆናል። በዓመት እንዲህ ያለ ስድስት ሥዕል ቢሸጥ 132,000 ብር፣ በወር ሲካፈል 11,000 ብር ያገኛል። የስቱዲዮው ኪራይ በወር 5,000 ብር ቢሆን በእጁ የሚቀረው 6,000 ብር ነው፤ ግብርም ገና አልተከፈለም። ከውጭ የሚያይ ሰው «አንድ ሥዕል በ60,000 ብር!» ብሎ ይደነቃል፤ ሒሳቡን የሚያውቅ ግን ሠዓሊው ሌላ ሥራ ደርቦ ለምን እንደሚይዝ ይገባዋል።

ጋለሪው የሚወስደውን ድርሻ እንደ ብዝበዛ መቁጠርም ተገቢ አይደለም። ቤቱን ይከራያል፣ መብራት ያበራል፣ ገዥ ይጠራል፣ ያልተሸጠውንም ሥዕል ለወራት ያቆያል። በጅምላና በችርቻሮ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያውቅ አንባቢ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የሚያስፈልገው ድርሻው በቃል ሳይሆን በጽሑፍ እንዲወሰን ነው።

የተማረ ሠዓሊ ካልተማረው የሚበልጥበት አንዱ ነገር የገቢ በሮቹ ብዙ መሆናቸው ነው። የሕትመት ጥበብን ለምሳሌ እንውሰድ። ሠዓሊው በእንጨት ላይ ቅርጹን ፈልፍሎ ቀለም ቀብቶ በወረቀት ላይ ያትመዋል። ከአንድ እንጨት የተወሰነ ቁጥር ያላቸው ቅጂዎች ወጥተው እያንዳንዱ በቁጥርና በፊርማ ይለያል። 30 ቅጂዎች እያንዳንዳቸው በ2,000 ብር ቢሸጡ 60,000 ብር ይሆናል። የወረቀትና የቀለም ወጪ 6,000 ብር፣ የሻጩ ሱቅ ድርሻ ከመቶ 30 ሆኖ 18,000 ብር ቢነሣለት ለሠዓሊው 36,000 ብር ይቀራል። ገዥውም 60,000 ብር ማውጣት የማይችል መምህር ወይም ጸሐፊ ሊሆን ይችላል። ሥዕልን ወደ ብዙኃኑ ቤት የሚያስገባው መንገድ ይህ ነው፤ ለባለሱቅም ከሁሉ የሚስማማው ይኸው ነው።

ሌላው በር በትእዛዝ የሚሠራ ሥራ ነው። በለንደን የተማሩት አፈወርቅ ተክሌ በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የሠሩት 150 ካሬ ሜትር የሚሆን የመስታወት ሥዕል ለአንድ ሕንፃ ታዝዞ የተሠራ ነው። ዛሬ በከተሞቻችን ሆቴሎች፣ ባንኮችና የንግድ ሕንፃዎች ይሠራሉ፤ ብዙዎቹ ግን ግድግዳቸውን የሚሸፍኑት ከውጭ በሚመጣ የታተመ ሥዕል ነው። ከሕንፃው ጠቅላላ ወጪ ትንሽ ድርሻ ገና ከንድፉ ጊዜ ጀምሮ ለአገር ሠዓሊ ቢመደብ ለባለ ንብረቱ በሌላ ሕንፃ የማይገኝ መለያ ይሆንለታል። ከዚህም ሌላ ምሩቁ በትምህርት ቤት ሊያስተምር፣ ለፋብሪካ መያዣና ምልክት ሊነድፍ፣ ለአሳታሚ የመጽሐፍ ሥዕል ሊሠራ ይችላል። ይህን ሥራ ደርቦ መያዝ የሙያው ውርደት አይደለም፤ አለ ፈለገ ሰላምም ገብረ ክርስቶስ ደስታም እያስተማሩ የሣሉ ሰዎች ናቸው።

ስለ ታላላቅ ዋጋዎች

አንዳንድ ወጣት በዓለም ገበያ የሚሰማውን ታላቅ ዋጋ ሰምቶ ይነሣሣል። በአዲስ አበባ ተወልደው በአሜሪካ ያደጉት ጁሊ ምሕረቱ ሥዕልን በዩኒቨርሲቲ የተማሩ ናቸው፤ በ1997 እ.ኤ.አ. በሮድ አይላንድ የንድፍ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዲግሪያቸውን አግኝተዋል። በ2023 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ በተደረገ ሐራጅ አንድ ሥዕላቸው ከ10 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ተሸጧል። ይሁን እንጂ በሐራጅ የሚሸጠው በአብዛኛው ቀደም ብሎ በሌላ ሰው የተገዛ ሥዕል ነው። ገንዘቡ የሚሄደው ለሻጩና ለሐራጅ ቤቱ ነው፤ በአሜሪካ ሕግ ሠዓሊው ከእንዲህ ያለው ዳግመኛ ሽያጭ የመካፈል አጠቃላይ መብት የለውም። ሠዓሊው የሚጠቀመው አዲስ የሚሠራው ሥራ ዋጋ ስለሚጨምርለት ነው። ስለዚህ የሐራጅን ዋጋ እንደ ሠዓሊ ደመወዝ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው።

ወደ እኛ ገበያ የሚቀርበው ምሳሌ ኤልያስ ስሜ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ከአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተመረቀው ይህ ሠዓሊ ከመርካቶ የሚገዛውን ያገለገለ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የኮምፒዩተር ክፍልፋይና ቁልፍ እየጎነጎነና እያያዘ በሚሠራቸው ታላላቅ ሥራዎች በውጭ አገር ሙዚየሞች ታውቋል። ለአንዱ ቁርጥራጭ ብረታ ብረት ተብሎ በኪሎ የሚሸጠው ዕቃ በሠለጠነ እጅ አልፎ ሌላ ዋጋ አወጣ። ዕቃን ከርካሽ ቦታ ገዝቶ ዋጋው ወደሚወደድበት ማድረስ የነጋዴ ሥራ ነው እንላለን፤ በዚህ ላይ ግን በመካከሉ ጥበብ ገብታበታለች። እንዲሁም ከዚሁ ትምህርት ቤት ወጥቶ በጀርመን አገር በሽቱትጋርት የተማረው ተስፋዬ ኡርጌሳ በ2024 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ በቬኒስ ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ትርኢት ለመጀመሪያ ጊዜ የራስዋን አዳራሽ ስትከፍት ሥራውን አቅርቧል።

ለላኪዎች

በእጅ የተሣለ ሥዕል በጉምሩክ ታሪፍ በቁጥር 97.01፣ በቁጥር የተወሰነ የሕትመት ሥዕል በቁጥር 97.02፣ ቅርጻ ቅርጽ በቁጥር 97.03 ሥር ይመደባል። ዕድሜው ከመቶ ዓመት ያለፈ ዕቃ ሌላ ነገር ነው፤ የአገርን ቅርስ አውጥቶ መሸጥ በሕግ የተከለከለ በመሆኑ ላኪው የሚልከው ሥዕል ዘመናዊ ሥራ እንጂ ቅርስ አለመሆኑን በማስረጃ ማረጋገጥ እንደሚጠበቅበት አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል። በፋክቱሩም ላይ የሠዓሊው ስም፣ የሥዕሉ ርእስ፣ የተሠራበት ዓመት፣ ልኩና የተሠራበት ቁሳቁስ ተጽፎ ፎቶግራፍ ቢያያዝ መጉላላት ይቀንሳል።

አስተሻሸጉም እንደ ቡናና እንደ ቆዳ አይደለም። ሸራው ከክፈፉ ወርዶ የሚጠቀለል ከሆነ በሰፊ ጥቅል ላይ፣ ቀለም የተቀባው ፊት ወደ ውጭ ሆኖ መጠቅለል አለበት፤ ወደ ውስጥ ቢጠቀለል ቀለሙ ይጨማደድና ይሰነጠቃል። ያልደረቀ የዘይት ሥዕልን ማሸግ ጨርሶ አይገባም፤ ላዩ የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ለመድረቅ ወራት ይፈጅበታልና። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የሚለው ተረት በዚህ ላይ ይሠራል።

ለባለሱቆች

ሥዕል በአደራ ተቀብሎ የሚሸጥ ሱቅ ሦስት ነገር ያድርግ። አንደኛ፣ የተረከበውን ሥዕል በዓይነትና በዋጋ ዘርዝሮ ሁለቱም ወገን ይፈርሙበት። ሁለተኛ፣ የሱቁ ድርሻ ከመቶ ስንት እንደሆነና ከተሸጠ በኋላ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚከፈል ይወሰን። ሦስተኛ፣ ሥዕሉ በሱቁ ሳለ ቢበላሽ ማን እንደሚከፍል ይጻፍ። በእነዚህ ሦስት መስመሮች መጓደል ምክንያት የተጣሉ ወዳጆች ብዙ ናቸው።

ሌላው ብርቱ ጉዳይ የቅጂ መብት ነው። ሥዕል የገዛ ሰው ሸራውን ገዛ እንጂ ሥዕሉን አባዝቶ የመሸጥ መብትን ገዛ ማለት አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሠዓሊው የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት የተጠበቀ ነው። ስለዚህ ለአዲስ ዓመት የቀን መቁጠሪያ፣ ለቡና መያዣ ወይም ለሱቅ ማስታወቂያ የአንድን ሠዓሊ ሥራ ማሳተም የሚፈልግ የንግድ ቤት አስቀድሞ ፈቃዱን ይጠይቅ፣ ዋጋውን ይክፈል፣ በጽሑፍም ይያዝ። በንግድ ምልክታችን ሌላው እንዳይጠቀም እንደምንከለክል ሁሉ የሌላውንም ሀብት ማክበር ይገባናል። ለሠዓሊው ይህ ገቢ ሥዕሉን ሳይሸጥ የሚያገኘው ኪራይ ሆኖ ይቆጠርለታል።

ለወላጆች

ከዚህ ሁሉ በኋላ የአባትና የእናት ጥያቄ ይቀራል። ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከሚመረቁት መካከል ሥዕል በመሸጥ ብቻ የሚተዳደሩት ጥቂቶች መሆናቸውን መሰወር አይገባም። ይሁን እንጂ ንግድ ከጀመሩትም መካከል የሚጸኑት ሁሉም አይደሉም፤ ስለዚህ ብለን ግን ልጆቻችንን ከንግድ አንከለክልም። የሚገባው መመርመር ነው።

ልጁ ማንም ሳያዘው ይሥላልን? የጀመረውን ሥዕል ይጨርሳልን ወይስ ሁሉንም ገና በግማሽ ይተወዋል? ጉድለቱ ሲነገረው አኩርፎ ይሸሻል ወይስ ይደግመዋል? የእነዚህ መልስ ካማረ ስጦታውን በከንቱ አንጠራጠረው። ቀጥሎም ወላጅ የራሱን ኪስ ይጠይቅ። ከምረቃ በኋላ ያሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ከሁሉ የከበዱ ናቸው፤ ስም አልተሠራም፣ ገዥ አልተገኘም፣ ኪራይ ግን ይጠየቃል። አዲስ ሱቅ ለሚከፍት ልጁ የመጀመሪያውን ዓመት ኪራይና የዕቃ መግዣ የሚሰጥ አባት፣ ለሠዓሊ ልጁም ለስቱዲዮና ለቀለም የሚሆን መነሻ በብድር መልክ ቢመድብለት ያው አንድ ዓይነት ሥራ ነው። ብድሩም በመዝገብ ይያዝ፤ ልጁ ገቢና ወጪ መጻፍን ከዚያ ይማራል።

ሴት ልጅ ያላቸውም ወላጆች ይህ ሙያ የወንድ ብቻ ነው ብለው እንዳይገምቱ እናሳስባለን። ከትምህርት ቤቱ ቀደምት ሴት ምሩቃን አንዷ የሆኑት ደስታ ሐጎስ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምረው በሙያው ጸንተው ሥራቸውን ለሕዝብ ሲያሳዩ ኖረዋል።

አንድ ምክር ደግሞ እንጨምር። በሱቅ ያደገ ልጅ ሥዕል ሲማር ከሌሎች የሚበልጥበት ዕውቀት ይዞ ይገባል። ዋጋ መጠየቅን አያፍርም፤ ገዥ ሲመጣ እንዴት እንደሚቀበል ያውቃል፤ ዛሬ ያልገዛ ነገ እንደሚገዛ ከአባቱ አይቷል። ስለዚህ በዕረፍት ጊዜው ከሱቁ አይራቅ። ብሩሹ ሚዛኑን አያስጠላውም፤ ሚዛኑም ብሩሹን አያደክመውም።

እንግዲህ «እንጀራ ይሆነዋልን?» ለሚለው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው። ሥዕል ለሚተጋበት፣ ሒሳቡን ለሚያውቅና ገበያ ለሚያገኝ ሰው እንጀራ ይሆናል። ትጋቱ የልጁ ነው። ትምህርቱ የዩኒቨርሲቲው ነው። ገበያው ግን የእኛ ነው። አስመጪው ጥሩ ቀለም በተገቢው ዋጋ ቢያቀርብ፣ ባለሱቁ አንድ ግድግዳ ቢለቅ፣ ላኪው አንድ ሣጥን ቢያሽግ፣ ሕንፃ የሚሠራውም አንድ ሥዕል ቢያዝዝ፣ ወላጅ ልጁን ወደ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የሚልከው እየፈራ ሳይሆን እያሰላ ይሆናል።